የደበዘዘ ምስክር

«አሮጌ ፊልም ጠራ አልጠራ ምን ልዩነት ያመጣል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጠያቂዎቹን አልወቅሳቸውም። ፊልሙ ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሠራ፥ ቀለም የሌለው፥ ተዋንያኑም ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ስለ ሆነ፥ ሥዕሉ ቢደበዝዝ የዕድሜ ነገር ነው ብለው ያልፉታል። ነገሩ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ጭፈራ ፊልም ቢሆን ኖሮ እኔም ብዙ ባልተከራከርሁ ነበር። ስለ ወንጀል መርማሪ ፊልም ሲሆን ግን ዝም ለማለት አልችልም። የመርማሪን ፊልም አደብዝዞ ማሳየት የምስክርን አፍ ይዞ «ፍርድ ስጡ» እንደ ማለት ነው። ምክንያቴን ላቅርብና አንባቢ ይፍረደኝ።

ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን በቀድሞ ዘመን በአገራችን አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ፥ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን፥ የሰማ የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ጥሩ የመርማሪ ፊልምም ተመልካቹን እንዲሁ አውጫጭኝ ያስቀምጠዋል። በመርማሪውና በተመልካቹ መካከል ያልተጻፈ ውል አለ። ይኸውም መርማሪው ያየውን የሲጋራ ቁራጭ፥ የቆመ ሰዓት፥ በጭቃ ላይ የቀረ የጫማ ዱካ ተመልካቹም እንዲያይ ነው። ከዚያ በኋላ መርማሪው ቢቀድመን በብልሃቱ ቀደመን እንላለን፤ ደስ ብሎንም እንሸነፋለን። እርሱ ያየውን እኛ ካላየን ግን ውሉ ፈረሰ።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በአዲስ አበባ፥ በአንድ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የተማርሁት ነው። ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1990ዎቹ ነበር፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ጥቂት ሳንቲም ከፍለን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን እየተቀመጥን ካሴት እናይ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የድብድብ ፊልም ሲሆን፥ አንድ ቀን ግን ባለቤቱ ከየት እንዳገኘው እንጃ፥ የሼርሎክ ሆልምስን ፊልም አስገባ።

ፊልሙ በ1942 የተሠራው «ሼርሎክ ሆልምስና ምሥጢራዊው መሣሪያ» ነበር። ሆልምስን ባሲል ራትቦን፥ ዶክተር ዋትሰንን ናይጀል ብሩስ ይጫወታሉ። አንድ የስዊስ ሳይንቲስት ከአውሮፕላን ቦምብ ለመጣል የሚረዳ ማነጣጠሪያ ይፈለስፍና፥ የመሣሪያው ክፍሎች በእነማን እጅ እንዳሉ በሚጨፍሩ ትንንሽ ሰዎች ሥዕል ይጽፋል። እያንዳንዱ ሥዕል የአንድ ፊደል ምትክ ነው፤ ሐሳቡም ኮናን ዶይል በ1903 ካሳተመው አጭር ታሪክ የተወሰደ ነው። ዋናው ወረቀት በጠላት እጅ ሲገባ፥ ሆልምስ ከሥሩ በነበረው ባዶ ወረቀት ላይ የጽሕፈቱ ጫና የተወውን ምልክት ፈልጎ ያወጣል። የፊልሙ ልብ እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ካሴት ላይ ግን ወረቀቱ ነጭ ጭጋግ ነበር። የሚጨፍሩት ሰዎች ጉንዳን የተራመደበት ዱቄት ይመስሉ ነበር፤ እጁን ያነሣው ካላነሣው፥ ወደ ግራ የዞረው ወደ ቀኝ ከዞረው አይለይም። እንግሊዝኛችን የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለ ነበረ የራትቦን ፈጣን ንግግር ግማሹ ያመልጠናል። ጆሯችን የሳተውን ዐይናችን ይሞላልናል ብለን ነበር፤ ዐይናችንም ምንም አላገኘ።

አጠገቤ የአክስቴ ልጅ ተቀምጦ ነበር። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ፥ እንቆቅልሽ ከቀረበለት ምሳውን የሚረሳ ልጅ ነበረ። አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አስግጎ «ምን አየ? ምን አገኘ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች ሳቁበት፤ አንዱም «ተወው፥ ይህ ላንተ አይገባህም» አለው። ፊልሙ ሲያልቅ ዝም ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ «እኔ እንዲህ ላለው ነገር ጭንቅላት የለኝም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት የመርማሪ ፊልም አላየም፥ መጽሐፉንም አልገለጠም። አንድ ልጅ ስለ ገዛ አእምሮው ያን የመሰለ ፍርድ ሰጠ፤ የፍርዱም መሠረት የተበላሸ ካሴት ነበር።

ካሴቱ ስለ ምን እንዲህ ሆነ? በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ከዋናው ደብዳቤ የተነሣ ፎቶ ኮፒ ይነበባል፤ የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ ግን ማኅተሙ ጥቁር ነጠብጣብ፥ ፊርማው ጭረት ይሆናል። የፊልምም ነገር እንዲሁ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለፈው 35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ዋናው ሰነድ ነው። ከእርሱ ማስተር ፖዚቲቭ ይታተማል፤ ከማስተሩ ሁለተኛ ኔጋቲቭ፥ ከሁለተኛውም ኔጋቲቭ ለሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ ይወጣል። ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደግሞ ወደ 16 ሚሊሜትር እየተቀነሰ ይታተም ነበር። የብዙ ርካሽ ካሴቶች አባት ይኸው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዞር የተቧጨረ 16 ሚሊሜትር ነው። በ1976 በጃፓን የወጣው ቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ራሱ ከግራ ወደ ቀኝ ሊለይ የሚችለው ወደ 240 መስመር የሚጠጋ ዝርዝር ብቻ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥማ በየጊዜው ሌላ ይጎድልበታል። እንግዲህ እኛ ዘንድ የደረሰው የስንተኛ ትውልድ ልጅ እንደ ነበረ አንባቢ ይገምተው።

ሁለተኛው ምክንያት የሕግ ነው። ራትቦንና ብሩስ ከ1939 እስከ 1946 ድረስ 14 የሆልምስ ፊልሞች ሠርተዋል፤ ሁለቱን ለትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ፥ 12ቱን ለዩኒቨርሳል። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ሕግ የአንድ ሥራ መብት 28 ዓመት ቆይቶ፥ ባለ መብቱ ካላሳደሰው ሥራው የሕዝብ ይሆን ነበር። ከ14ቱ የአራቱ መብት ሳይታደስ ቀረ፤ እኛ ያየነው ከአራቱ አንዱ ነው። የሕዝብ የሆነ ነገር ሕዝብን ይጠቅማል እንል ይሆናል፤ እውነትም ብዙ ሰው በርካሽ አየው። ዳሩ ግን ማንም ሰው እጁ የገባውን ቅጂ አባዝቶ መሸጥ ስለ ቻለ፥ የተሻለውን ልፈልግ ብሎ የሚደክም አልበዛም። የጋራ ግቢ ጠራጊ እንደሚያጣ ሁሉ፥ እነዚያም ፊልሞች ጠራጊ አጡ።

የኋላ ኋላ ግን ጠራጊ ተገኘ። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ማኅደር፥ የተረፉትን የተሻሉ ቅጂዎች እያፈላለገ 12ቱን የዩኒቨርሳል ፊልሞች በ35 ሚሊሜትር አደሳቸው። በ2003 እና በ2004 በዲቪዲ፥ በ2011 ደግሞ በብሉ ሬይ ወጡ። አንድ ወዳጄ ከውጭ አገር ሲመጣ ብሉ ሬዩን አመጣልኝና የአክስቴን ልጅ ጠራሁት። ያን ጊዜ የልጆች አባት ሆኖ ነበር። ለይሉኝታ ያኽል መጥቶ ተቀመጠ። የወረቀቱ ቦታ ሲደርስ ግን እጁን አንሥቶ «አቁመው!» አለኝ። እርሳስና ወረቀት ጠየቀ። የሚጨፍሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እየገለበጠ፥ የትኛው ሥዕል እንደሚደጋገም በጣቱ እየቆጠረ ብዙ ቆየ። በመጨረሻም «ይህ ነበር እንዴ?» አለ። ፊቱ ላይ ደስታም ቁጭትም ነበረበት። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ «ታዲያ እኔ ምን በደልሁ?» አለ። ይህን ጥያቄ ከሰማሁ ወዲህ ስለ ሥዕል ጥራት መናገር የትርፍ ጊዜ ቅንጦት አይመስለኝም።

ማስረጃው ወረቀት ሳይሆን ጥላ የሚሆንባቸው ፊልሞችም አሉ። ጆን ሂውስተን በ1941 ለዋርነር ብራዘርስ ያዘጋጀውን «የማልታው ጭልፊት» የተባለውን ፊልም እንውሰድ። መርማሪውን ሳም ስፔድን የሚጫወተው ሃምፍሬይ ቦጋርት ነው። በመጀመሪያው ክፍል፥ በቢሮው መስኮት ላይ የተጻፈው የስፔድና የሸሪኩ የአርቸር ስም በሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ጥላ ሆኖ ይወድቃል፤ ጥቂት ቆይቶ አርቸር ይገደላል። በፊልሙ መጨረሻም የሊፍቱ የብረት በር ሲዘጋ፥ ጥላው በሴትዮዋ ፊት ላይ እንደ ወህኒ ቤት ፍርግርግ ያርፋል። አዘጋጁ አንድ ቃል ሳይጨምር የአንዱን ሞት፥ የሌላዋንም እስራት ነገረን። በደበዘዘ ቅጂ ግን ወለሉ ጥቁር፥ ፊቷም ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህንኑ ፊልም በኮምፒዩተር ቀለም ቀብተው ለቴሌቪዥን ባዘጋጁት ጊዜ፥ ሂውስተን በ1986 በአደባባይ ተቃወመ። ፊልሙን በጥቁርና በነጭ ያሰበው እርሱ ነበርና ተቃውሞው የሽማግሌ ግትርነት አልነበረም። በ1987 ዐረፈ። በ1988 በአሜሪካ ታላላቅ ፊልሞችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ በ1989 በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 25 ፊልሞች አንዱ «የማልታው ጭልፊት» ሆነ።

አዲስ መሣሪያ ሁሉ ግን በራሱ ጥራት አይደለም። ፓል በሚባለው፥ በአገራችን ቴሌቪዥን ሲሠራበት በኖረው ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ 720 በ576 ነጥብ አለው። ብሉ ሬይ 1920 በ1080 ነው፤ ቢባዛ ልክ አምስት እጥፍ ይሆናል። በ2016 የወጣው የ4ኬ ዲስክ ደግሞ የብሉ ሬይ አራት እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ ከተቧጨረ 16 ሚሊሜትር የተቀዳ ብሉ ሬይ ጭረቱን አጥርቶ ያሳያል እንጂ የጠፋውን ፊደል አይመልስም። አንዳንድ አሳታሚዎችም በፊልሙ ላይ በተፈጥሮ ያለውን ደቃቅ ቅንጣት በኮምፒዩተር ይጠርጉታል። ከቅንጣቱ ጋር የፊቱ መጨማደድና የኮቱ ሽመና አብሮ ይጠረግና ተዋናዩ የሰም ምስል ይሆናል። ይህ ደጁን ላጽዳ ብሎ የሌባውን ዱካ አብሮ ያጠበውን ዘበኛ ያስታውሰኛል።

በገዛ ቤታችን የምንፈጽመው ጥፋትም አለ። የዚያን ዘመን ፊልም ስፋቱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ሲሆን፥ የዛሬ ቴሌቪዥን 1.78 እጥፍ ነው። ስለዚህ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል። ይህን ባዶነት የማይወድ ሰው ሥዕሉን ይለጥጠዋል፤ ሸንቃጣው ራትቦንም ወዲያው የሰባ ነጋዴ ይሆናል። ደግሞም ፊልሙ በሴኮንድ 24 ሥዕል ሆኖ ተነሥቶ በፓል ዲስክ ላይ 25 ሆኖ ስለሚሮጥ፥ 68 ደቂቃ የነበረው በ65 ደቂቃ ያልቃል፤ ካልተስተካከለም ድምፁ በጥቂቱ ይቀጥናል።

እንግዲህ ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ ጀማሪ ጸሐፊ፥ ወይም ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ምን ያድርግ? ውድ ዕቃ ግዙ አልልም። አንደኛ፥ ቅጂው ከምን እንደ ተቀዳ የተጻፈ ነገር ካለ አንብቡ፤ ከኔጋቲቭ ወይም ከ35 ሚሊሜትር የታደሰ ከሆነ አሳታሚው ሳይናገር አይቀርም። ሁለተኛ፥ በፊልሙ ውስጥ ደብዳቤ ወይም ጋዜጣ የሚታይበትን ቦታ አቁማችሁ ለማንበብ ሞክሩ። ሦስተኛ፥ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው በጨለማ በር ላይ ሲቆም ኮቱ ከጨለማው ይለይ እንደ ሆነ ተመልከቱ። አራተኛ፥ የቴሌቪዥኑን ስፋት አስተካክሉ፥ መጋረጃውንም ዝጉ፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። አንድ ጥሩ ቅጂ ለአሥር ጓደኛ ይበቃል፤ ተሰብስቦ ማየቱም ክርክሩን ያጣፍጠዋል። «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይባላል፤ ብርሌው ጉም ከሆነ ግን ጠጁን አትውቀሱት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የደበዘዘ ቅጂ በፊልም ብቻ አይገኝም፤ በየጠረጴዛችን ላይ በየቀኑ ይቀርባል። ባለጉዳዩ የማይነበብ ማስታወቂያ ተለጥፎለት «አንብበህ አልመጣህም» ተብሎ ይመለሳል። ተማሪው ግማሹ በጠፋ የፈተና ወረቀት ተፈትኖ ሰነፍ ይባላል። እርሱም አምኖ ይቀበልና በገዛ ራሱ ላይ ይፈርዳል። ስለዚህ አንድን ሰው «አልገባህም» ከማለታችን በፊት፥ ያሳየነውን ነገር በእርሱ ወንበር ተቀምጠን እንየው። ሆልምስ ምርመራውን የሚጀምረው ማስረጃውን ወደ ብርሃን በማቅረብ ነው፤ ሰውን የሚጠረጥረው ከዚያ በኋላ ነው።