ጉደር፦ ጠረጴዛን ከእንጨቱ ጀምሮ ማዘዝ

የቤት ዕቃ በትዕዛዝ ለማሠራት አስበዋል? እንግዲያውስ አንዱን ቅዳሜ ከሱቅ ሱቅ ከመዞር ይልቅ በአምቦ መንገድ ወደ ጉደር ይውጡ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹንም ይዘው ይሂዱ፤ መንገዱ ራሱ ስለ እንጨት ብዙ ያስተምራል።

ሆለታን አልፈው አዲስ ዓለም ሲደርሱ ትንሽ ይቁሙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባ እንጨት ሲያጥራት፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚህች ከተማ ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ አዲስ አበባን አተረፋት። አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከጊንጪ በስተ ሰሜን ደግሞ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበቅልበት የጭሊሞ ደን አለ። የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ይንከባከቡታል።

አምቦ ላይ ምሳ በልተው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ጉደር ይገባሉ። ብዙዎቻችን ስሟን የምናውቀው ከወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ነው። ፏፏቴዋን ለልጆቹ ያሳዩዋቸው፤ ወንዙ መድረሻው ዓባይ ነው። ከዚያ ወደ እንጨት ሥራ ቤቶቹ ጎራ ይበሉ።

እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነው። ሙያዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፦ ደንበኛ ስለ ዋጋ ብቻ ሲጠይቅ ሻጩ ዋጋ የሚቀንስበትን ቦታ ይፈልጋል። የቤት ዕቃ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከእንጨቱ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ።

አንደኛ፣ እንጨቱ ከየት መጣ? ዋንዛ፣ በአካባቢው አጠራር ዋዴሳ፣ ለመላጊያ የሚመች፣ መልኩም የሚያምር እንጨት ነው። ወደ ባኮ አቅጣጫ ገበሬው በበቆሎ ማሳው መካከል ያሳድገዋል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ከገበሬ ማሳ በፈቃድ የተቆረጠ መሆኑን ያረጋግጡ። መልሱ ካላረካዎት ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጥድ ይምረጡ፤ ሁለቱም ተተክለው የሚለሙ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ደርቋል? እርጥብ እንጨት እቤትዎ ገብቶ ሲደርቅ ይኮማተራል። የቁም ሣጥኑ በር ይጣመማል፣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ባሕር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳል። ጥሩ አናጺ ጣውላውን ጥላ ሥር፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እያስገባ ይደረድረዋል፤ አየር እንዲያልፍበት ነው። ያንን ድርድር ካላዩ አይቸኩሉ።

ሦስተኛ፣ ልኩ የማን ነው? የምግብ ጠረጴዛ ከፍታ ወደ 75 ሳንቲ ሜትር፣ የወንበር መቀመጫ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይያዛል። ቤተሰብዎ ግን በአንድ ትሪ የሚበላ ከሆነ ክብ ጠረጴዛ ይሻላል። በረጅም ጠረጴዛ ጫፍ የተቀመጠ ልጅ እጁ እንጀራው ጋ አይደርስም። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ የበሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ለክተው ይሂዱ። ትልቅ ቡፌ ተከፍሎ እንዲሠራና እቤት ውስጥ በብሎን እንዲገጣጠም ማዘዝ ይቻላል።

የተስማማችሁበትን ሁሉ፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩን፣ ቀለሙን፣ ቀብዱንና የሚረከቡበትን ቀን፣ በወረቀት ያስፍሩ። ጓደኛም ቢሆን ዘመድ፣ ወረቀት ፍቅርን ይጠብቃል።

የጭነት መኪናውን ኪራይ ሲደምሩ ወጪው አዲስ አበባ ከሚከፍሉት ላያንስ ይችላል። የጉዞው ትርፍ ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያዩት ዕቃ ተልጎ፣ ተቀብቶ፣ አብረቅርቆ ነው የሚጠብቅዎት፤ ቫርኒሽ ደግሞ ስንጥቁንም እርጥበቱንም ይሸፍናል። እዚህ ግን ጣውላውን ገና ሳይቀባ በእጅዎ ዳስሰው፣ አሽትተው፣ ከሠሪው ጋር ተነጋግረው ይመርጣሉ። ልጆችዎም የሚበሉበት ጠረጴዛ ዛፍ እንደነበረ ያውቃሉ።