የደበቅሁት ደስታ

ሰው ኀዘኑን ይደብቃል ሲባል እሰማ ነበር፤ ደስታውንም ሸሽጎ የሚኖር መኖሩን የተረዳሁት ግን በራሴ በደረሰ ጊዜ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ባለቤቴ የገጠር መምህር ስለ ሆነ ወደ ቤቱ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በጥቅምት መጨረሻ፣ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ሰሞን፣ የምወደው የቡና ሽታ ጠላቴ ሆነ። ጎረቤት ቡና ሲቆላ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ሽሮው ሲንተከተክ ያቅለሸልሸኛል፤ ፋይል ገልጬ ሳነብ እንቅልፍ ይጥለኛል። አለቃዬም «ምነው፣ ሌሊቱን ሠርግ ቤት ነበርሽ እንዴ?» ብለው ቀለዱብኝ። ቀኑን በጣቴ ቆጠርሁ። ከመድኃኒት ቤት የሽንት መመርመሪያ ገዝቼ ብመለከት ሁለት ቀይ መስመር ወጣ።

ለባለቤቴ ብቻ ነገርሁትና ለሌላ ሰው ትንፍሽ እንዳንል ተስማማን። ፅንስ ሳይገፋ ወሬው ከወጣ የሰው ዐይን ያገኘዋል ይባላል። እኔ የተማርሁ ነኝ፣ ይህን አላምንም እያልሁ፣ እንደሚያምን ሰው ደበቅሁ።

በኅዳር መግቢያ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። አዋላጅ ነርሷ የመጨረሻው የወር አበባዬ የጀመረበትን ቀን ጠይቃ 8ኛ ሳምንት ላይ እንደ ሆንሁ ነገረችኝ። እኛ ከልጅነታችን የሰማነው የእርግዝና ዘመን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ ይኸውም ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው 275 ቀን ነው። ሐኪሞች ግን የሚቆጥሩት 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ነው። መነሻቸው የወር አበባው ስለ ሆነ፣ ፅንሱ ገና ያልተፀነሰባቸው ሁለት ሳምንታት ያህል አብረው ይቆጠራሉ። ነርሷ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሰጥታ፣ ክኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳልውጥ፣ ጠላና አረቄም እንዳልቀምስ አስጠነቀቀችኝ። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቧንቧ ከተፀነሰ በ4 ሳምንት ውስጥ ስለሚዘጋ፣ ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ቢጀመር እጅግ እንደሚሻል የሰማሁትም ያን ቀን ነው። ማን ቀድሞ ነግሮን!

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን በሥራ ሰዓት፣ ደም አየሁ። ጉልበቴ ከዳኝ። ባለቤቴ ዘንድ ብደውል ስልኩ አይገባም። አጠገቤ አራት የሥራ ባልደረቦች ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም እርጉዝ መሆኔን አያውቁም። ደስታዬን ደብቄ ፍርሃቴን የማካፍለው ሰው አጣሁ። «ሆዴን አመመኝ» ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁና ሉማሜ ላለችው እናቴ ደወልሁ። «እምዬ፣ አሞኛል» ከማለት በቀር አልተናገርሁም።

ማታውን ደረሰች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ «ስንት ወርሽ ነው?» አለችኝ። አለቀስሁ። እርሷም እስከ ዚያች ሌሊት ያልሰማሁትን አጫወተችኝ። ከእኔ በፊት አንድ ፅንስ በሦስተኛ ወሩ ወርዶባት ኖሯል። የባሏ ዘመዶች «እንስራ ተሸክማ ገደለችው» ስላሏት፣ እርሷም አምና፣ ጥፋቱን ከሠላሳ ዓመት በላይ በልቧ ይዛ ኖራለች።

በማግሥቱ አብረን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሲመለከት ቆይቶ መስተዋቱን ወደ እኛ አዞረው። የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር መካከል እንደ ጧፍ ነበልባል ቶሎ ቶሎ የምትርገበገብ ነጥብ አለች። «ልቡ ነው» አለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ያህል ደም እንደምታይ፣ የብዙዎቹም ፅንስ እንደሚጸና ገለጸልን። ነገር ግን ደም ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር መታየት ይገባታል፤ በተለይ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለበት፣ ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል ለሕይወት ያሰጋል።

እናቴ እንደ መውጣት ብላ ቆመችና «ዶክተር፣ እንስራ መሸከም ፅንስ ያስወርዳል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «የለም፣ እናቴ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፅንሱ ገና ሲፈጠር በዘሩ ውስጥ በሚደርስ ጉድለት ነው። የእናት ጥፋት አይደለም» አላት። ምንም አልመለሰችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። ደጅ ስንወጣ ግን ትከሻዬን ይዛ «ማርያም ትቅረብሽ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀሎ ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በአገራችን በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች በተደረጉት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871፣ በ2016 ደግሞ 412 ነበሩ። ቅናሹ ትልቅ ነው፤ የሞቱት ግን የማንም እናት፣ የማንም እኅት ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን መክሯል። ምሥጢር የምትጠብቅ ሴት ግን ይህን ጊዜ በዝምታ ታሳልፈዋለች።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ወሬውን ለአገር ሁሉ ንገሩ አልልም። ለአንድ ለምታምኑት ሰውና ለጤና ባለሙያ ግን ንገሩ። ጠረጴዛዋ ላይ የምታንቀላፋ ባልደረባ ያላችሁም ከመቀለዳችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃ ስጧት።

ልጄ በሰኔ ወር ተወለደች። እናቴ መጥታ ስታቅፋት፣ ስለ እንስራው ዳግመኛ አላነሣችም።