«ያላነሰ» እና «ያልበለጠ»

በትምህርት ቤቶቻችን ድርሰት ሲታዘዝ ትእዛዙ ብዙ ጊዜ «ከሁለት ገጽ ያላነሰ» የሚል ነው። «ከ50 ቃል ያልበለጠ» ብሎ ያዘዘኝ መምህር ግን አላስታውስም። እናንተስ?

ትንሽ ነገር ይመስላል። ዋጋው የሚታወቀው ልጆቻችን ለአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከት ሲጀምሩ ነው።

በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ የዘመድና የጎረቤት ልጆች «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» እያሉ ጽሑፋቸውን ይልኩልኛል። ብዙዎቹ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ካላገኙ መሄድ የማይችሉ ናቸው፤ ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ያለች እያንዳንዷ ሣጥን ለእነሱ ትልቅ ነገር ናት። የሚያስጨንቃቸው ደግሞ እስከ 650 ቃል የሚፈቅደው ረጅሙ ድርሰት አይደለም። አጫጭሮቹ ናቸው።

ቁጥሮቹን እንይ። ብዙ ኮሌጆች የሚጋሩት ኮመን አፕ የሚባለው ቅጽ ከክፍል ውጭ የሠራችሁትን እስከ 10 ድረስ ያስዘረዝራል። ለእያንዳንዱ ማብራሪያ የሚሰጠው 150 ፊደል ብቻ ነው፤ ነጥቡም ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ስታንፎርድ በ50 ቃል የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉት። ዬል በ200 ፊደል፣ ማለትም በ35 ቃል ገደማ፣ መልሱልኝ የሚላቸው አሉት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ8 ጥያቄዎች 4 አስመርጦ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ይፈቅዳል። ሣጥኑ ከሞላ ሞላ ነው። «ትንሽ ይጨመርልኝ» ተብሎ የሚለመን ሰው የለም።

ለእኛ ልጆች ችግሩ እጥፍ ነው። አንደኛ፣ በአማርኛ አስበው በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ቃሉ ይረባባቸዋል። «አልነገርኳችሁም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። ሁለተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናችን ትክክለኛውን ምርጫ ማመልከት እንጂ አንድ አንቀጽ መጻፍን አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ የደብዳቤ ልማዳችን አለ። ሰላምታው፣ የጤና ጥያቄው፣ ምስጋናው ካለቀ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው። ይህ ጨዋነት ነው፤ አልነቅፈውም። ግን በ50 ቃል ውስጥ ሰላምታው ብቻ ቤቱን ይሞላዋል።

አንዲት ልጅ የላከችልኝን ላንሳ። በ150 ፊደሏ ውስጥ «በማኅበረሰቤ ውስጥ ንቁ ተሳትፎ የማደርግ፣ ታታሪ፣ ኃላፊነት የሚሰማኝና ለለውጥ የምተጋ ወጣት ነኝ» የሚል መልእክት አስገብታለች። ደውዬላት «ከትምህርት ቤት ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ምንም፤ እናቴን ነው የማግዘው።»

«ምን እየሠራሽ?»

እናቷ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ልጅቷ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ አብራት ትጋግራለች፤ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ታደርሳለች፤ ማታ ሒሳቡን ትይዛለች። «ይኼ ታዲያ ምኑ ይጻፋል ጋሼ? የቤት ሥራ እኮ ነው» አለችኝ።

ቅጹ ግን ለቤተሰብ ኃላፊነትም፣ ለሚከፈልበት ሥራም ራሱን የቻለ ምድብ አለው። ብዙ ልጆቻችን ይህን አያውቁም። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ጻፈችው፦ «ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ከእናቴ ጋር 60 እንጀራ እጋግራለሁ፤ ለአራት ሱቆች አደርሳለሁ፤ የዱቤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ።» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 150 ፊደል እንኳ አልሞላም። ታታሪ ናት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል?

የምለው ይህንኑ ነው። ገደቡ የሚያጠፋው ሰውየውን አይደለም፤ ቅጽሉን ነው። ሲጠብ ሲጠብ መጨረሻ ላይ መቅረት ያለበት የሠራችሁት ሥራ፣ ቁጥሩና ስሙ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄውን መልሶ መድገም ነው። ቀጥሎ የማንዴላ ጥቅስ ይውጣ፤ አመልካቹ ማንዴላ አይደለም። ቀጥሎ «እኔ በበኩሌ እንደማምነው» ይውጣ፤ ሌላ ማን ሊያምንልህ ነው? በ50 ቃል የተጠየቀው በ40 ካለቀም እዚያው ይቁም። ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ሣጥንም የተረፈ ድርሰት መድፊያ አይደለም።

አሁን አሁን ማሳጠሩን ለቻትጂፒቲ የሚሰጡ ልጆች በዝተዋል። ያሳጥራል፣ እውነት ነው። ግን ምን መውጣት እንዳለበት አያውቅም። እንጀራውን አውጥቶ «ታታሪ»ን ሊያስቀር ይችላል። ከዚያም በላይ የኮመን አፕ ደንብ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራን ይዘት የራስ ሥራ አስመስሎ ማቅረብን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ልጆች ይህን አውቀው ይግቡበት።

«ሕይወቴን እንዴት በ50 ቃል ልንገራቸው?» የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ሕይወትህን ማን ጠየቀህ? የጠየቁህ አንድ ነገር ነው። አንዱን መርጠህ ንገራቸው።

ገደቡ ለሁሉም እኩል ነው ማለቴ አይደለም። የባለጸጋ ልጅ በሰዓት የሚከፈለው አማካሪ አጠገቡ ተቀምጦ ነው የሚያሳጥረው። የእኛ ልጅ በስልክ ላይ፣ ዳታ ሳያልቅባት ትቸኩላለች። ልዩነቱን የሚያጠበው ግን ልምምድ ነው፤ ልምምድ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ማሳጠር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ የሚነሳው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ስንኝ ብቻ። ሐሳቡ በሁለት ስንኝ ተጀምሮ በሁለት ስንኝ ማለቅ አለበት፤ ካልሆነ መምህሩ አይቀበለውም። ይህ ወግ ያለው አገር ልጆቹን «ከሁለት ገጽ ያላነሰ» ብቻ እያለ ማሳደጉ ይገርመኛል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ መምህራንና ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት ለልጆቻችሁ አንድ ጥያቄ ስጡ፦ «ትናንት ምን ሠራህ? ምን ሠራሽ?» መልሱ ከ50 ቃል አይብለጥ። ሲያመጡላችሁ ቅጽሉን አስወጥታችሁ እንደገና አስጽፏቸው። ታኅሣሥ ከመድረሱ በፊት ይልመዱት።