የአልጋ እግር

ከመኪናዬ ወንበር ሥር ግማሽ ሜትር የምታህል የአልጋ እግር አለች። የብረት ቱቦ ናት፤ አንደኛው ጫፏ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀርቷታል። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ልትጥላት ሞክራለች።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአጎቴ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኜ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ስንመጣ፣ ክምር ድንጋይ ሳንደርስ፣ የግራ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ያኔ መንገዱ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የሠሩት ጠጠር ነው። መሽቷል፤ የጉና ጉም ወርዷል። ጋቢና ውስጥ ከታች ጋይንት የመጣ አባት ትኩሳት የያዘውን ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏል። ሆስፒታል ሊያደርሰው ነው።

ዕቃ አልጎደለንም። ክሪክ፣ ስኮርታ፣ የጎማ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ሽቦ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ፤ ሁሉም በጆንያ ተቋጥሮ አለ። (ጣልያን ሲሄድ ስሙን ትቶልን ሄዷል።) አጎቴ ባትሪውን ይዞ ሰው ሊጠራ ወደ መንደር ወጣ። "እስክመጣ ዳዶዎቹን ላላ ላላ አድርጋቸው፤ ክሪኩን ግን እንዳትነካ" አለኝ። ልክ ነው፤ ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው። ከተነሣማ ጎማው ከመፍቻው ጋር አብሮ ይዞራል።

እንደማንኛውም ሰው ወደ ግራ ታገልሁ። እምቢ አለኝ። እጀታው ላይ ቆምሁ፤ ዘለልሁበት። አንዱ ትንሽ ንቅንቅ ሲል ደስ አለኝና የቀሩትንም እንዲሁ ዘለልሁባቸው። ልጁ ውስጥ ያስላል። አባትየው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

"ላላልህ ልጄ?" አለኝ።

"እየላላ ነው ጋሼ።"

አጎቴ ከሁለት ገበሬዎች ጋር ሲመለስ ባትሪውን ጎማው ላይ አበራ። "ወዴት ነው ያዞርኸው?" ነገርሁት። ዝም አለ። ለካ የዚያ አይሱዙ የግራ ጎማ ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ ወደ ግራ ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ይፈታል። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው በሚዞርበት በኩል ነው ዳዶው የሚጠብቀው። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ በሙሉ ክብደቴ ሳጠብቅ ቆይቻለሁ።

ጥፊ ጠበቅሁ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላስፈታሁህም" አለ አጎቴ። ጥፊው ይሻለኝ ነበር።

አሁን ለሁለታችንም እምቢ አለ። ሽማግሌው ገበሬ መፍቻውን በእጁ መዘነና "ክንዱ አጠረ" ብሎ ሄደ። እርሻ መሐል ሞፈር ቢሰበርበት መጥረቢያውን አንሥቶ እዚያው የሚጠግብ ሰው ነው፤ የቸገረን ምን እንደሆነ ገብቶታል። ሲመለስ የተሰበረ አልጋ እግርና የሳንቃ ቁራጭ ይዟል። ቱቦውን እጀታው ላይ አጠለቅነው። ዳዶዎቹ አንድ በአንድ እየጮኹ ተፈቱ። መሬቱ ረጥቦ ስለነበር ሳንቃውን ክሪኩ ሥር አነጠፍነው።

በዚህ አገር ጎማ ያለውን ነገር ማንቀሳቀስ ዱሮም ቀልድ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ እሳቸውም ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠርገዋል።

ደብረ ታቦር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ገባን። አባትየው ልጁን አቅፎ በሆስፒታሉ በር ገባ። ዞር ብሎ እጁን አነሣልኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ልጁ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያቺ አንድ ሰዓት ተኩል ግን የእኔ ናት።

ዛሬ ሥራ ወገዳም መካነ ኢየሱስም ያመላልሰኛል። የራሴ ቶዮታ በሁለቱም በኩል ወደ ግራ ነው የሚፈታው፤ ይህን ያወቅሁት በገዛሁ ቀን ግቢዬ ውስጥ አራቱንም ጎማ ፈትቼ በማሰር ነው። ክሪኩንም ያኔ ነው የፈተንሁት። ዘይት ያፈስ ነበር፤ ለወጥሁት።

ባለፈው ወር ልጄ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ማታ ግቢ ውስጥ መፍቻውን ሰጥቻት የውጭውን መብራት አጠፋሁት።

"አባዬ፣ ምን ነካህ? አይታየኝም እኮ!"

"በእጅሽ ዳብሺው።"

ታገለች፤ እምቢ አላት። እጀታው ላይ ልትቆም እግሯን ስታነሣ "ቆይ" አልኋትና የአልጋ እግሯን ላመጣ ወደ መኪናው ሄድሁ።