ዛፉን ከመክሰስሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ሰኞ መርዓዊ ገብተሽ በግብርና ባለሙያነት ሥራ ትጀምሪያለሽ። የቤት ኪራዩንና የምግቡን ነገር እናትሽ መክራሻለች፤ እኔ የምጽፍልሽ ስለ ባሕር ዛፍ ነው። ውሎ ሳያድር አንድ ገበሬ ማሳው ዳር አቁሞ «ይኼ ዛፍ ጤፌን መረዘብኝ?» ማለቱ አይቀርም።

ቶሎ «አዎ» እንዳትይው አደራ። ኮሌጅ ያያችሁት ሙከራ ውሸት አይደለም። የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ተዘፍዝፎ ውሃው ወረቀት ላይ በተነጠፈ ዘር ላይ ሲፈስ ዘሩ በቅጡ አይበቅልም። ቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ፌኖሊክ አሲዶች ዝናብ አጥቦ ያወርዳቸዋል። ወረቀት ግን ሸክላ የለው፣ ብስባሽ የለው፣ ባክቴሪያ የለው። የዛፉን ኬሚካል ሥር ጋ ሳይደርስ የሚይዘውም የሚበላውም አፈር ነው፤ አፈር ደግሞ ሁሉ አንድ አይደለም።

አሸዋማ አፈር የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ኬሚካሉ ከውሃው ጋር እንደልቡ ስለሚሄድ ለጋውን ሥር ቶሎ ያገኘዋል፤ ደህና ዝናብ ከመጣ ደግሞ ቶሎ አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። የመርዓዊው ቀይ አፈር ሌላ ነው። በውስጡ ያለው የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ እነዚህን አሲዶች አጥብቆ ይይዛል። ሙቀት፣ እርጥበትና አየር ሲገጥሙለት ባክቴሪያው እንደ ምግብ ይበላቸዋል፤ ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። ወደ ፎገራ ወርደሽ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መረሬ ላይ ስትቆሚ ግን ጠንቀቅ በይ። አየር ሲያጥር መበስበሱ ይጓተታል፣ አሲዶቹም ይጠራቀማሉ። ታይዋን ውስጥ ውሃ በተኛበት መሬት የሚበሰብስ የሩዝ ገለባ የሚቀጥለውን ሩዝ የሚጎዳው በዚሁ መንገድ እንደሆነ ታውቋል፤ ፎገራም ሩዝ አብቃይ ነው።

ቀይ አፈሩ ሌላ ጣጣም አለው፤ ኮምጣጣ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያሳጥረዋል፣ ያደነድነዋል። ይህን አይቶ በዛፉ ማሳበብ ቀላል ነው። መጀመሪያ ፒኤቹን ለኪ፤ ችግሩ እሱ ከሆነ ገበሬው የሚያስፈልገው ኖራ እንጂ መጥረቢያ አይደለም።

በበጋ ከዛፉ ሥር ቅጠሉን ጠረግ አድርጊና ደረቁ አፈር ላይ ውሃ ጠብ አድርጊበት። አንዳንድ ቦታ ጠብታው ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ከቅጠሉ የሚመጣው ሰም መሰል ነገር አፈሩን ውሃ እንዳይቀበል ስላደረገው ነው፤ አሸዋማው ላይ ይብሳል። እንዲህ ያለ ቦታ ቡቃያው ተመረዘ ሲሉሽ ተጠምቶም ሊሆን ይችላል።

ቅጠሉ የት እንደሚሄድም ጠይቂ፣ በተለይ ሴቶቹን። ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ከተወሰደ የሚታጠበው ኬሚካል ይቀንሳል፤ አፈሩን የሚመግበውና ኬሚካሉን የሚይዘው ብስባሽም አብሮ ይጎድላል። ይህን ሳታውቂ የምትሰጪው ምክር ግምት ነው፤ በግምትሽ የሚቆረጠው ደግሞ የልጆቹ ደብተርና የቤቱ ቆርቆሮ የሚገዛበት ዛፍ ነው።

እናም በጣሳ ሞክሪ። አንዱን ከዛፉ ሥር በወሰድሽው አፈር፣ ሌላውን ራቅ ካለ ክፍት ማሳ ዓይነቱ አንድ በሆነ አፈር ሙዪ፤ ጤፍ ዝሪና ፀሐዩንም ውሃውንም እኩል አድርጊ። ጣሳ ውስጥ ውሃ የሚሻማ የዛፍ ሥር የለም። ሁለቱም እኩል ከበቀሉ ማሳው ላይ የጎዳው ሽሚያው ወይም ጥላው ነው። በዛፉ አፈር የተዘራው ጤፍ ከቀጨጨ በሦስተኛ ጣሳ ያንኑ አፈር በማዳበሪያ ሞክሪ፤ ካገገመ የጎደለው ምግብ ነበር። ያም አልሆነ እንደሆነ ያኔ ኬሚካሉን ጠርጥሪ። ፍግ ግን በዚህ ሙከራ አትጨምሪ፤ ራሱ ኬሚካሉን ስለሚይዝ ያደናግርሻል። ለገበሬው ማሳ ሲሆን ግን በዚሁ ምክንያት ደግ ነው።

ጣሳዎቹን ገበሬው ደጅ አስቀምጫቸው፤ በየቀኑ እሱ ራሱ ይያቸው።

አባትሽ