የሐምሌ ጓዝ

ደጋ ያደገ ሰው በሐምሌ ጓዝ አይጭንም። ሠርጉ ለጥር፣ የቤት ሥራው ለበጋ፣ ረጅም መንገዱ ከመስቀል በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከብት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚታለፍ ጊዜ ነው። እኛ ግን ከአዲስ አበባ ተነቅለን ጫጫ አጠገብ ወዳለው የአያቴ ማሳ የገባነው በ1984 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ዝናቡ ያለ ፋታ በሚወርድበት ሰሞን ነበር።

አባቴ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበር። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ደመወዙንም ማዕረጉንም በአንድ ጊዜ አጥቶ ወደየትውልድ ቀየው ሄደ። አባቴ ወዲያው አልሄደም። ከተማ ውስጥ ሥራ አላጣም ብሎ አንድ ዓመት ያህል በየጋራዡና በየጭነት ተራው ዞረ። የኪራዩን ቤት ይዘን የቆየነው በእናቴ የስፌት መኪና ነው። ሰኔ ላይ አያቴ በአንድ የጫጫ ነጋዴ በኩል ላከችበት፦ «ገብሱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ አዘርቼዋለሁ። የሚያርመው የለም። ጉልበቴ አልቋል። ልጆችህን ይዘህ ና።»

እናቴ ክረምቱ ይለፍ አለች። እሷ ፒያሳ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ገጠርን የምታውቀው በሠርግና በለቅሶ ነው። አባቴ ደግሞ ትምህርት ቤት የተዘጋው አሁን ነው፣ ልጆቹ መስከረም ላይ ጫጫ መመዝገብ አለባቸው ብሎ ጸና። የተማሪ ቤት ሰው ክረምትን የዕረፍት ጊዜ ይለዋል፤ ለገበሬ ግን ከዚያ የከፋ የመንቀሳቀሻ ወቅት የለም። ጓዛችንን ያሰርነው በተማሪ ቤቱ አቆጣጠር ነው።

የጫነን ወደ ደሴ የሚመለስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ አባቴን ከሠራዊቱ ያውቀው ስለነበር የነዳጅ ብቻ ተቀበለው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ፍራሾቹ፣ የእናቴ ሲንጀር፣ ምጣዱና የዱቄት በርሜሉ ተደራርበው በሸራ ታሰሩ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አቅፋ ጋቢና ገባች፤ እኔና አባቴ ከላይ ሸራው ሥር ሆንን። ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ ብርዱ ጀመረን። አለልቱ ላይ ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። ሸኖ ስንደርስ ጉሙ መንገዱ ላይ ተጋድሞ፣ ቅቤ የሚሸጡት ሴቶች ድምፃቸው ይሰማል እንጂ ፊታቸው አይታይም። ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ይጠጋል። ብርድ ሲባል ብዙ ሰው ውርጭ ይመስለዋል። ውርጩ የሚመጣው በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። የሐምሌው ብርድ እርጥብ ነው። ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ፍራሽ ውስጥ ይገባል፣ የሚያስወጣው ፀሐይም የለም።

ስንደርስ ኤንትሬው ከአስፋልቱ አንድ ጎማ እንኳ ሊያወርድ አልቻለም። የዚያ አገር ሜዳ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የያዘውን እግር አይለቅም። ጓዛችን መንገድ ዳር ወርዶ ሸራ ለብሶ ቆመ። እስከ አያቴ መንደር የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር፤ በመካከሉ ያለው ወንዝ ደግሞ ሞልቷል። አባቴ ሊያሻግረን አልሞከረም። በክረምት ወንዝ ዳር የደረሰ ሰው ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ቸኩሎ ገብቶ የተወሰደው ብዙ ነው። ከማዶ ያሉ እረኞች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማን ወገን እንደሆንን ጠየቁ። አባቴ የእናቱን ስም ጠራ። አንዱ ልጅ ወዲያው ወደ መንደሩ ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ብሎ ውሃው ወደ ጉልበት ሲወርድ ወንዶቹ ገሳቸውን ለብሰው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ አህያ እየነዱ መጡ። አህዮቹ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጡ ሸክሙን አራግፈው ራሳቸው ተሸከሙት። እኔንና ወንድሜን በትከሻቸው አሻገሩን። ከሁሉ ያስቸገረው ቁም ሳጥኑ ነው። ከሥሩ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና አስገብተው፣ በገመድ አስረው፣ እናቴ በላዩ ላስቲክና ነጭ አንሶላ አልብሳው ስምንት ሰው አነሣው።

መንደሩ ጫፍ ላይ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ወጡ። በነጭ የተሸፈነውን ረጅም ሸክምና የተሸካሚዎቹን ብዛት ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ ጀመሩ። ከከተማ የመጣ ሬሳ መስሏቸው ነው። በዚያ ዘመን ወደ መንደሩ ይመጣ የነበረው አብዛኛው መርዶ ስለነበር ማንም አልሳቀም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ «እማማ፣ ዕቃ ነው፤ ሰውየውማ በሕይወት መጥቷል» አላቸው። አባቴን አንገቱን ይዘው ሳሙት፤ ልቅሷቸውን ግን አላቋረጡም። የእሳቸው ሁለት ልጆች ከዚያው ሠራዊት አልተመለሱም።

የአያቴ ቤት ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። በአንድ ወገን የከብቶቹ ጋጥ፣ በሌላው መደቡ፣ መካከል ላይ ምድጃው። ያን ያህል የተለፋበት ቁም ሳጥን በሩ ጠቦት አልገባም አለ። አባቴ በማግሥቱ በመዶሻ ነቃቅሎ ደህና ደህናውን ሳንቃ ለመደቡ ጠርዝ አደረገው፤ የቀረውን አያቴ ጓዳ አስቀመጠችው። ጣራው በሁለት ቦታ ያፈስ ነበር። በዝናብ ሣር ስለማይከደን ከፍራሾቹ በላይ ሸራ ወጠርን። ሌሊት የከብቶቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። እናቴ ከከብት ጋር አልተኛም ብላ ነበር፤ አንድ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን ፍራሹን ወደ ጋጡ ያስጠጋችው ራሷ ናት።

ስለ ማገዶው ግን ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ዛፍ ጥቂት ነው፤ ያለው ባሕር ዛፍም ለቤት መሥሪያና ለሽያጭ ይጠበቃል። የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ የበጋ ሥራ ነው። ሴቶቹ ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ እበቱን ይጠፈጥፋሉ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፣ ከቤቱ አጠገብ ይከምሩትና ክምሩን ዙሪያውን በእርጥብ እበት ይለስኑታል። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ዝናብ አያስገባም። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ጎን ቀዳዳ ከፍተው እየመዘዙ ያነዱታል። ሰኔ ከገባ በኋላ አዲስ ኩበት ማግኘት አይቻልም፤ የተጠፈጠፈውን ሁሉ ዝናብ ያጥበዋል። ያልከመረ ቤት ጥሬ ይቆረጥማል፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ ያድራል።

አያቴ የከመረችው ለራሷ ብቻ ነበር። አሁን አምስት ሆነናል። ምንም አልተናገረችም፤ ነገር ግን ምጣድ የምትጥድበትን ቀን አራራቀችው፣ እሳቱንም ማታ ቶሎ ታዳፍነው ጀመር። እናቴ የወንድሜን ልብስ ገላዋ ላይ አድርጋ ታደርቅ ነበር። ወንድሜ ሳል ያዘው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመንደሩ ሴቶች እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉን መጡ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመጣው እንጀራ ወይም ጠላ ነው። እነሱ ግን ከገሳቸው ሥር፣ ከላስቲካቸው ሥር በጆንያና በቁና ያወጡት ኩበት ነበር። እያንዳንዷ ከገዛ ክምሯ መዝዛ ነው ያመጣችው፤ ክረምቱ ገና እኩሌታው አልደረሰም፣ የሚተካውም የለም። አያቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እጅ ነሣች። እናቴ እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ ስትል በዕድሜ ከፍ ያሉት ሴት፣ «ልጄ፣ እህል ይበደሩታል። በሐምሌ ማገዶ የሚያበድር ግን የለም። ይኼ ብድር አይደለም» አሏት።

ለተመላሽ ወታደር በዚያ ዓመት ስንዴ ይታደል ነበር፤ አባቴም ተሰልፎ ወስዷል። ስንዴው ረድቶናል፤ የሰጠንን አመሰግናለሁ። ነገር ግን መዝገብ ይዘው ቤተሰባችንን የቆጠሩት ሰዎች ስንት አፍ እንዳለን ጠይቀው ስንዴው በምን እንደሚበስል አልጠየቁንም። ያንን ያሰቡት የመንደሩ ሴቶች ናቸው።

እናቴ ሲንጀሯን በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት አቆመችው። ነሐሴን ሙሉ የተቀደደ ቀሚስ፣ የተረተረ ባና፣ ለዕንቁጣጣሽ የሚሰፋ የልጆች ልብስ ይመጣላት ጀመር። ገንዘብ አልተቀበለችም። ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት መርፌው ውስጥ በዳሰሳ ክር ታስገባ ነበር።

አባቴ ደግሞ ከገብሱ ጋር ተያይዟል። ውሃ የተኛበት ቦታ ሁሉ ቡቃያው ቢጫ እየሆነ ነበር። ዋልካ ላይ ገብስ የሚገድለው ውሃ ማጣት አይደለም፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲያድር ይታፈናል። መድኃኒቱ ፈሰስ ማውጣት ነው። ይህም እንደ ቦይ መቆፈር ቀላል ይመስላል፤ ግን ልክ አለው። ፈሰሱን ቁልቁል ቀጥ አድርጎ ያወጣው ሰው አፈሩን ከነዘሩ ያስወስዳል፤ አለልክ ያጋደመው ደግሞ ውሃውን መልሶ ያስተኛል። ውሃውን ጎረቤት ማሳ ላይ የለቀቀማ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። አባቴ ከባድ መኪና በዓባይ በረሃ ቁልቁለት የነዳ ሰው ነው፤ የገዛ አባቱን ማሳ ተዳፋት ግን አያውቀውም ነበር። ያስተማረው የማሳው እኩል አራሽ ነው። ሁልጊዜ ይዞት የሚወጣው ዝናቡ ሲበረታ ነበር። «እስኪያባራ ከጠበቅህ ምንም አታይም። ውሃው ሲሄድ ነው መንገዱን የሚያሳይህ» ይለው ነበር። ሁለቱ ገሳ ለብሰው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ውሃው በቆመበት እንጨት እየተከሉ ሲያልፉ ከበር ሆኜ አያቸዋለሁ። ምልክት የተደረገበትን በኋላ በዶማ ከፈቱት። ከማሳው የታችኛው ጥግ በቀር ገብሱ አገገመ።

አባቴ ክረምቱ ካለፈ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያን ማሳ ደርቆና ለጥ ብሎ ያገኘው ነበር፤ ምሥጢሩንም የሚያየው በሚቀጥለው ዓመት፣ ዘሩ ከጠፋ በኋላ ነበር። እናቴም ሴቶቹን የምታውቃቸው በሰላምታ ብቻ ይሆን ነበር። በዚህ ምክንያት ሐምሌ ላይ መምጣታችን ትክክል ነበር እላለሁ፤ የወንድሜ ሳል እስከ መስከረም ባይለቀውም እንኳ።

የቡሄን ሙልሙል የጋገርነው ከቁም ሳጥኑ በተረፈው እንጨት ነው። አንጎለላ ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት እዚያ ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዋዜማ። አያቴ ያንን እንደ ዘመድ ልደት ነበር የምታነሣው። ጅራፉ ከየጋራው ሲጮህ፣ ዝናቡ ችቦውን ሲያጠፋው፣ «እምዬ ምኒልክም ወደዚህ አገር የመጡት በዚሁ ዝናብ ነው» ብላ እናቴን አየቻት። እናቴ ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

መስከረም ላይ ጫጫ ተመዘገብን። ጥቅምት ላይ ውርጭ ባቄላውን መታው። ገብሱ ኅዳር መጨረሻ ላይ ታጭዶ ተወቃ፤ ለእኩል አራሹ ድርሻው ተሰጥቶ የቀረው ለዘርና ለቀለብ በቃን። እናቴ ግን ከአጨዳው በፊት ሌላ ሥራ ጀምራ ነበር። ዝናቡ እንዳቆመ ቀሚሷን ሰብስባ ከአያቴ ጋር እበት ትጠፈጥፍ ገባች። በዚያ በጋ ከቤታችን ጎን ሁለት የኩበት ክምር ቆመ፤ ትልቁ የእኛ፣ ትንሹ በሐምሌ ለሚመጣ ሰው። ትንሹን ክምር አቅሟ እስኪደክም ድረስ በየዓመቱ ትከምረው ነበር፤ ብዙ ጊዜም ባለቤት አላጣም።

ይህን የጻፍኩት አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ያለውን ስለማይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋና ከሌሎችም ቦታዎች የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በከተማይቱ መጠለያዎች ክረምትን ደጋግመው አሳልፈዋል። ብዙዎቹ ከቆላና ከወይና ደጋ የመጡ፣ ይህን ብርድ የማያውቁ ናቸው። ለእነሱ ዱቄትና ዘይት የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ ሥራችሁ የተባረከ ነው። የሚነድ ነገርም ጨምሩበት፤ እንጨትም ይሁን ከሰል፣ ዝናብ የማያስገባ ላስቲክም አብሮ ይሁን። ሰኔ ሳይገባ አድርሱላቸው።