የሰባት ቀን መንገድ

በሐይቅ ከተማ ለምናስተምር ሰዎች ዕረፍት በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣልናል። አንደኛው ረዥሙ የክረምት ዕረፍት ነው፤ ሁለተኛው ከጥምቀት በዓል በኋላ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ተፈጽሞ ሁለተኛው መንፈቅ እስኪጀመር ድረስ የምትገኘው አንዲት ሳምንት ናት። በረዥሙ ዕረፍት ዝናሙም ጭቃውም ዘመድም ይዞን ይቀራል፤ አጭሯ ሳምንት ደግሞ የፈተናው ወረቀት ታርሞ ሳያልቅ ታልፋለች። እኛና አንድ ባልንጀራችን ይህችን አጭር ሳምንት ከአገር ወጥተን ለማሳለፍ አሳብ ከገባን እነሆ ሦስት ዓመት ሆነ።

መጀመሪያ የተመኘነው በረዶ ለማየት ነበር። የመልክዐ ምድር መምህር እንደ መሆናችን መጠን፣ ፈረንጆች ክረምት የሚሉት የእኛን በጋ መሆኑን፣ በጥር ወር እኛ እህል ስንወቃ እነርሱ በረዶ ከደጃቸው በአካፋ እንደሚጠርጉ ለተማሪዎቻችን ስንናገር ብዙ ዘመን አልፏል፤ ያየነው ግን በሥዕል ብቻ ነው። ባልንጀራችን የሒሳብ መምህር ነውና አንድ ማታ እርሳስ ይዞ የአውሮፕላኑን ዋጋ፣ የማረፊያውን፣ የወፍራሙን ካፖርት ሳይቀር ደመረና ወረቀቱን ወደ እኛ ገፋ አደረገው። ከዚያ ማታ በኋላ ስለ በረዶ አልተነጋገርንም።

ቀጥሎ ካርታ ዘረጋን። ከሐይቅ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በባቲ አድርጎ ቁልቁል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከቆላ የመጣ አፋርና ከደጋ የወረደ ገበሬ በባቲ የሰኞ ገበያ ሲገናኙ ኖረዋል። መንገዱ ከሚሌ ወደ ሰመራ፣ ከሰመራ ወደ ዲቾቶ ይደርስና ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ሁለተኛው በቡሬ በኩል ወደ አሰብ ያመራል። ጅቡቲ በእኛ ክረምት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ እያለፈ እንደ ምጣድ የምትግል ከተማ ናት፤ በጥር ግን ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ትመለሳለች። ስለዚህ የእኛ አጭር ሳምንትና የጅቡቲ መልካም ወራት ገጠሙ። እኛም «ተገኘ!» ብለን ጣታችንን በካርታው ላይ አሳረፍን። ባልንጀራችን ግን ዝም አለ፤ ዓይኑ ያረፈው ከጣታችን በስተ ሰሜን፣ አሰብ ላይ ነበር።

አባቱ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ ነበሩ። በየዓመቱ ለጥምቀት ቴምር ይዘው ወደ ሐይቅ ይመጡ ነበር። ልጅየው ውሃችንን እያሳየ «እኛም እኮ ባሕር አለን» ቢላቸው «ማዶው የሚታይ ውሃ ባሕር አይባልም» ብለው ይስቁበት እንደ ነበረ ነግሮናል። (እንግዳ ሰው ከተማውም ሐይቅ ውሃውም ሐይቅ መሆኑ እየደነቀው «ሐይቅ ሐይቅ» ሲል እንሰማለን። የአገሩ ሰው ግን ውሃውን ሎጎ ይለዋል፤ ወይም በደፈናው ባሕሩ ይለዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት የእስጢፋኖስን ገዳም ካቀኑበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ባሕር በቅቶን ኖሯል።) በ1990 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን አባቱ «በሚመጣው ዓመት ይዤህ እሄዳለሁ፤ የአሰብን ክረምት አትችለውም፣ በበጋ ነው» ብለው ተስፋ ሰጡት። ያን ጊዜ ዕድሜው ዘጠኝ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሣ፤ አባቱም አንድ ሻንጣ ብቻ ይዘው ተመለሱ። የኢትዮጵያም ዕቃ ከአሰብ ተቋርጦ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ተከፈተ የሚለውን ወሬ በሰሙ ጊዜ ሽማግሌው ጫማቸውን ለጫማ ሰፊ ሰጥተው ሶሉን አስለወጡ። ነገር ግን ሕመም ነበረባቸውና ጥቂት ይቆዩ ተባለ፤ ሲቆዩም ድንበሩ በዚያው ዓመት ዳግመኛ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። ጅቡቲን ያነሣባቸው ሰው ቢኖር «እሱ የሌላ ሰው ባሕር ነው» ይሉ ነበር አለን።

ለዚህ ነገር የሰጠነው መልስ የመምህር እንጂ የወዳጅ አልነበረም፤ አሁን ስናስበው ጥቂት ያሳፍረናል። ካርታውን ወደ እሱ አዞርንና ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘውን የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ አሳየነው። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ቀይ ባሕር የሚገባ ታላቅ ወንዝ የለም፤ ፀሐይዋ ግን ውሃውን ያለ ዕረፍት ታተነዋለች፤ የጎደለውም የሚሞላው በዚህች ጠባብ በር ከኤደን በኩል በሚገባው ውሃ ነው። በበጋችን ወራት ነፋሱ ከደቡብ ወደ ወሽመጡ ስለሚነፍስ የላይኛው ውሃ ከጅቡቲ ወገን ወደ አሰብ ወገን ይፈስሳል። ይህን ሁሉ በሰሌዳ ፊት እንደ ቆምን ሆነን ተናገርን።

«በክረምትስ?» አለን።

«በክረምት ነፋሱ ይዞራል፤ የላይኛው ውሃ ተመልሶ ወደ ኤደን ይወጣል።»

ብዙ አሰበ። «እንግዲያስ በጥር እንሂድ» አለ።

ገንዘቡ የሚያኮራ ነገር የለውምና በአጭሩ እንለፈው። ሁለታችን በመምህራን ዕቁብ 60,000 ብር አጠራቅመን ነበር። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ይሆናል። ዶላሩ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ አንድ ብር ሦስት ፍራንክ ታወጣ ነበርና ጥሪታችን ወደ 187,000 ፍራንክ ይጠጋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ዶላሩ በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ስለ ወጣ፣ ያው 60,000 ብር ቁጥሩ ሳይጎድል ከእኩሌታ በታች ሆኖ ቀረ። ባልንጀራችን ይህን ስሌት ለተማሪዎቹ ለልምምድ እንደ ሰጠ ሰምተናል። እኛ ግን ጉዞውን አንድ ዓመት ከማዘግየት በቀር መልስ አላገኘንለትም።

ጠቡ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ሰባቱን ቀን በሰንጠረዥ ከፋፍለን፣ ጧትና ከሰዓት እያልን ጽፈን አመጣን። በሦስተኛው ቀን የአሳል ሐይቅ ነበረበት። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ የሚያንስ ዝቅተኛ ስፍራ ነው፤ ዳርቻው በጨው የነጣ ነው፤ የአፋር ነጋድያን ጨውን በግመል እየጫኑ ወደ ደጋ ያወጡት ነበር። የእኛ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ይላል። ከአንዱ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ በሌላው ዳር መቆም ማለት ከ2,000 ሜትር በላይ መውረድ ነውና፣ ለመልክዐ ምድር መምህር ከዚህ የሚበልጥ ምን ጉዞ አለ? በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በዚያ ወራት የሚታየውን፣ ከዓሦች ሁሉ የሚተልቀውንና ሰውን የማይጎዳውን ነጠብጣብ ሻርክም ጨምረን ነበር። መመለሻውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀውና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ባቡር አደረግነው፤ ፈረንሳዮች የሠሩት አሮጌው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነውና መቶ ዓመት ያህል ልዩነታቸውን በመስኮት ሆነን ለመመልከት።

ባልንጀራችን ሰንጠረዡን አነበበና «ይህ የተቆጣጣሪ ፕሮግራም ነው። አንተ መንገድ ትወዳለህ፤ እኔ መቀመጥ ነው የምፈልገው። ማዶው የማይታይ ውሃ ዳር አንድ ቀን ሙሉ ልቀመጥ፤ ሌላ አልጠይቅም» አለን። እኛም አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ለመዋል ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት አላዋቂነት መሆኑን ነገርነው። ቃሉ ከአፋችን ከወጣ በኋላ ለሁለት ሳምንት በመምህራን ማረፊያ ሻይ የጠጣነው ለየብቻችን ነው። ኋላ በሽማግሌ ሳይሆን በሰንጠረዡ ታረቅን፤ ሦስተኛው ቀን ለአሳል የእኛ፣ አራተኛው ቀን ለባሕሩ የእሱ እንዲሆን ተስማማን። በአራተኛው ቀን ፊት ለፊት ምንም አልተጻፈም።

ለፓስፖርት ወደ ደሴ መመላለሳችን በከተማው በታወቀ ጊዜ ያላሰብነው ነገር መጣ። በእኛ አገር ከወሎ ወደ ጅቡቲ እሄዳለሁ የሚል ሰው ለሽርሽር ይሄዳል ብሎ የሚያምን የለም። ያ የባቲና የጋላፊ መንገድ ብዙ ወጣቶቻችን በእግራቸው የሄዱበት ነው፤ ከጅቡቲ ኦቦክ ገብተው በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዐረብ ለመሻገር። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ወር በኦቦክ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። እናም አንዱ «ደላላችሁ ማነው?» ሲለን፣ ሌላው «እናንተም ደመወዙ አልበቃችሁ አለ?» ይለን ጀመር። መጀመሪያ ሳቅን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ልጆቼ፣ በዚያ በኩል ልታልፉ ነው አሉኝ። በአላህ ይዣችኋለሁ» ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ፎቶግራፍ ፈታች። ልጇ ከሄደ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለላት ከኦቦክ ሆኖ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። በሰባተኛ ክፍል እኛው አስተምረነዋል፤ ይሁን እንጂ መልኩን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብን። «እትዬ፣ እኛ እኮ ለሰባት ቀን ብቻ ነው የምንሄደው» አልናት። «ለመጠየቅ አንድ ቀን ይበቃል» አለች።

ያን ማታ ባልንጀራችን ሰንጠረዡን አውጥቶ ባዶ በተተወው አራተኛ ቀን ላይ «ኦቦክ» ብሎ ጻፈ። ከጅቡቲ ወደዚያ የሚሻገር መርከብ አለ፤ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትም በዚያ የስደተኞች መርጃ ማዕከል አለው፤ የሚጠየቅ ቢኖር እዚያ ነው። ኦቦክ ከጅቡቲ ከተማ ይልቅ ወደ ወሽመጡ የቀረበች ናትና እሱ ባሕሩን አልተወም፤ የተወው መቀመጡን ነው። ግን ለመሻገር፣ ለመጠየቅና ለመመለስ አንድ ቀን እንደማይበቃ ከእኛ ይልቅ ሒሳብ የሚያውቀው እሱ ነበር። ደምሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየን እንጂ አልተናገረም። እኛም እርሳሱን ተቀብለን በሦስተኛው ቀን ላይ ያለውን አሳል ሰረዝነው። በደስታ ሰረዝነው ብንል ግን ሐሰት ነው። ጨዉን በእጃችን ዘግነን አምጥተን ለተማሪዎቻችን በጠረጴዛ ላይ ልናፈስስ አስበን ነበር።

አሁን በፖስታው ውስጥ ያሉት ፎቶግራፎች አራት ሆነዋል። በየጀርባቸው ስም፣ ዕድሜ፣ የመጨረሻው ስልክ የመጣበት ወር ተጽፏል። ጉዞው በጥር ወር ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ነው፤ በባቲ ስናልፍ ገበያው ይቆማል። ቀኑን ለጎረቤታችን ነግረናታል፤ ደጋግመንም ቆጥረንላታል። ቢሆንም በመንገድ ባገኘችን ቁጥር «ገና አልሄዳችሁም?» ትለናለች።